ሦስት ጊዜ ልክ

ከቀትር በኋላ ነው፤ ከዚራ በሙቀት ዝሏል፣
ባጃጁ ከኒሙ ጥላ ሥር ባለቤቱን ታቅፎ ተኝቷል።
ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አስጠግታ፣
ሂንዳ ገባች፣ በሩን በክርኗ ገፍታ።
ከኋላዋ አባቷ፣ አቶ ሮብሌ ዋይስ፣
ሠላሳ አራት ዓመት በምድር ባቡር የፉርጎ መዝገብ የጻፉ፣
የሱቄን ቁጥር ከበሩ ላይ አንብበው ያለፉ፤
ካኪያቸው ቢነጣም ከቁልፉ አንድ አልጎደለም።

«ፓስወርዱን ረስቶታል መሰለኝ» አለች ድምጿን ቀንሳ፣
«ባለፈው የመስጊዱን መንገድ፣ ትናንት የልጄን ስም ረሳ፣
ዛሬ ደግሞ ይኼ። ምን ላድርግ? ምከሪኝ።»
ዲስክ ነው የምጠግን፤ አባት መጠገን ማን አስተማረኝ?

ሰምተዋል።
«አልረሳሁም» አሉ።
ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አበራሁት። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል፣
ገና ሥርዓቱ ሳይነቃ፣ ሳይመጣ አንድም ምስል፣
ሊኑክስ ከደጃፉ ቆሞ ቁልፍ አምጡ ይላል።
ጻፉ። ኮከብ እንኳ አያሳይም ሲቀበል፤
ሰው ቃሉን ጨለማ ውስጥ እንደ ጠጠር ይጥላል።
አንድ። አይደለም።
ሁለት። አይደለም።
ሦስት፣ ጣታቸው ዝግ ብሎ፣ እንደ ቴሌግራፍ መቺ፣
አይደለም።
ሂንዳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እኔም፣ እውነት ልናገር፣ ልጅቷን አመንኳት።
ግን ሥራ ሥራ ነው፤ ከቀላሉ ጀመርኩ፦
ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፣ በፍላሽ አስነሣሁ፣
ከውጭ ዞሬ ገብቼ ዲስኩን መረመርኩ።
የተመሰጠረው ክፍል ቦታው ላይ ነው፣ ራስጌው አልተነካ፣
መለያ ቁጥሩ ሠንጠረዡ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል፣
አንድ የቁልፍ ማስገቢያ፣ እሱም በሕይወት አለ።
በሩም አለ፣ ቁልፉም አለ፤
ማነው ታዲያ የዋሸ?

መብራት ሄደ።
ቬንትሌተሩ ቀስ ብሎ ሞተ፣ በላብ ተቀመጥን።
ሽማግሌው ለራሳቸው ይሁን ለእኛ ሳይታወቅ፣
«ሽንሌ» አሉ፣ «ሐረዋ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ»፣
በየጣቢያው የመድረሻ ሰዓት፣ የውኃ መሙያ ደቂቃ፣
ከዚያም በግልባጩ፣ ከደወሌ ወደ ሽንሌ፣
አንዲት ደቂቃ ሳትዘል፣ አንዲት ሳትደናቀፍ።

መብራት ሲመጣ ስክሪኑን ትቼ ጣታቸውን አየሁ።
የእኔ ኪው ባለበት ኤ ተጽፏል፣
የእኔ ዳብልዩ ባለበት ዜድ።
«ይኼ ላፕቶፕ ከየት ነው?»
«ጅቡቲ፣ ከአጎቴ ልጅ።»
የፈረንሳይ ኪቦርድ! ያለፈው ሳምንት አፕዴት
የፊደሉን ሠንጠረዥ ከመነሻው ጥቅል ጥሎታል፤
ማሽኑ ዲስኩ እስኪከፈት የሚያውቀው የአሜሪካንን ብቻ፣
እሳቸው ኤ ሲሉት እሱ ኪው ይሰማል።
ልክ ነበሩ።
ሦስቱንም ጊዜ ልክ።

አሸዋ ገበያ በሶማልኛ የተጠራ ዋጋ
በኦሮምኛ ወርዶ በአማርኛ ይከፈላል፤
ማን ማንን ረሳህ ይላል?

በፍላሹ ላይ ኪቦርዱን ቀይሬ «ይጻፉ» አልኩ።
ተከፈተ። ድምፅ የለው፣ ብርሃን የለው፤
አንዲት መስመር ወረደች፣ ያ ብቻ።
ጥቅሉን እንደገና ሠራሁት፣ ሠንጠረዡን ከትቼ፣
የራስጌውንም ግልባጭ በሌላ ፍላሽ አውጥቼ፣
አጥፍቼ አበራሁ። በራሱ ተነሣ።
ውስጡ የፉርጎ መዝገብ ነው፣ ዓመት በዓመት የተለቀመ።
ሂንዳ ቦርሳዋ ውስጥ የጠፋ ነገር ትፈልጋለች፣
ብዙ ቆየች። «አባዬ…»
«ሒሳቡን ክፈይ» አሏት።

በሩ ላይ ግን ቆሙ።
ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ፣
መንገዱ የትኛው እንደሆነ የጠፋባቸው መሰለኝ፤
ሽቦ መጠቅለል ያዝኩ፣ አላየሁም ለማለት።
ተመልሰው መጡ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼ በር
ከአንድ በላይ ቁልፍ ይቀበላል?»
«ስምንት ድረስ» አልኳቸው።
«አንድ ይበቃል። ለእሷ።»

ሂንዳ ተቀመጠች፣ የራሷን ቃል ልትጽፍ።
እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ፣
እስክትጨርስም ድረስ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣
የባጃጆቹን ታርጋ ያነቡ ነበር።